ላልተገዛ ቤት የጠበቃ ክፍያ?

ፓንጋኒ የነበረችንን አፓርታማ በ5 ሚሊዮን ሽልንግ ሸጠን የጠበቃው ሒሳብ ሲደርሰን ዓይኔን ነው የተጠራጠርኩት። ለሽያጩ 100,000፤ ከሥሩ ደግሞ «ለሚቀጥለው ግዢ» ሌላ 100,000። የቱ ግዢ? ገና ቤት መፈለግ እንኳ አልጀመርንም! ባለቤቴ «የምናውቀው ሰው ነው፣ አይበላብንም» ብሎ ፈረመ፤ ገንዘቡም ከሽያጩ ላይ ተቀንሶ ቀረ። ቤት የገዛነው ከዓመት ከአራት ወር በኋላ ነው። ያኔ «ያ እኮ ለፋይል መክፈቻ ነበር» ተባልንና እንደገና ከፈልን።

እኛ ነጋዴዎች የምንሳሳተው መቶኛው ላይ ስንጨቃጨቅ ነው። «2 በመቶ በዛ፣ በ1 ጨርስልኝ» እንላለን፣ ልክ እንደ ጨርቅ ጥቅል። እ.ኤ.አ. በ2014 የተሻሻለው የኬንያ ጠበቆች ታሪፍ እስከ 5 ሚሊዮን ሽልንግ ላለ ሽያጭ ወይም ግዢ 2 በመቶ ይላል፤ ከ35,000 አያንስም። ከዚያ በላይ ላለው 1.5 በመቶ ይታከላል፤ ቫቱ 16 በመቶ ለብቻው ነው። ከታሪፉ በታች መሥራት ለጠበቃው ጥፋት ነው። ስለዚህ ክርክራችን መሆን ያለበት «ምን ሠርተህ ነው ያስከፈልከኝ?» በሚለው ላይ ነው። ለመሆኑ ዋጋው ያልታወቀ ቤት 2 በመቶው ስንት ነው?

መሸጥና መግዛት ሁለት ሥራ ነው። ሲሸጥ ጠበቃው ውሉን ያረቃል፣ የካፒታል ጌይን ግብሩን ይከታተላል። ይህ ግብር እ.ኤ.አ. ከ2023 ጀምሮ 15 በመቶ ነው፤ ባለቤቱ እስከ ሽያጩ ድረስ ሦስት ዓመት ሳያቋርጥ የኖረበት ቤት ግን ነጻ ነው። ይህን አስታውሶ ያዳነኝ ጠበቃ ክፍያው ሐላል ነው። ሲገዛ ደግሞ የካርታ ፍተሻ አለ፣ ከተማ ውስጥ 4 በመቶ ስታምፕ ዱቲ አለ፤ ዜግነት ለሌለን ደግሞ ከ99 ዓመት የማይበልጠው ሊዝ ምን ያህል እንደቀረው ማጣራት አለ። የቤቱ ቁጥር ሳይታወቅ ከእነዚህ አንዱም አይሠራም።

«ጠበቃ እኮ ቅድሚያ ይቀበላል» የሚለኝ አለ። ይቀበል። ግን ኮሜርስ ስንማር፣ ላልተሰጠ አገልግሎት የተከፈለ ገንዘብ ከፋዩ ዘንድ ሀብት፣ ተቀባዩ ዘንድ ዕዳ ተብሎ ነው የሚመዘገበው። ቀብድ ከሆነ ቀብድ ተብሎ ደረሰኝ ይቆረጥለት፤ ቤቱ ካልተገዛ ይመለስ። ከመፈረማችሁ በፊት «የግዢው ክፍያ የሚታሰበው የግዢ ውል ሲፈረም ነው» የምትል አንድ መስመር አስገቡ። የሽያጩም ገንዘብ «ለሚቀጥለው ቤት» ተብሎ እነሱ ዘንድ አይደር፤ ወደ ባንካችሁ ይግባ። ከረፈደም ዝርዝር ሒሳብ በጽሑፍ ጠይቁ፤ ሒሳቡን በፍርድ ቤት ማስመርመር ይቻላል፣ የጠበቆች ቅሬታ ኮሚሽንም አለ።

እኔ ዝርዝሩን ባለፈው ሳምንት በደብዳቤ ጠይቄያለሁ። ባለቤቴ እስካሁን «ሰውዬው ይቀየመናል» እያለ ነው።