ፍሬን፣ ታኮ፣ ካንዴላ

‹‹መኪና የሚወድ ሰውና መጽሐፍ የሚወድ ሰው በአንድ ገበታ አይቀርቡም›› የሚል እምነት በብዙ የሥነ ጽሑፍ ወዳጆች ዘንድ አለ። መኪናን ማፍቀር የልታይ ባይነት ምልክት፣ የአዲስ ሀብታም ወግ ተደርጎ ይቆጠራል። ለዚህ እምነት መነሻ የሚሆን ነገር የለም አልልም። ሕዝቡ ‹‹ቪኤይት›› ብሎ በሚጠራው መስተዋቱ የጠቆረ ላንድክሩዘር ተቀምጦ፣ እግረኛውን ጭቃ እየረጨ የሚያልፍ ሰው የሚወደው መኪናውን ይሁን ራሱን ለመለየት ያስቸግራል። እዚህ ጎንደር ውስጥ ግን ሌላ ዓይነት የመኪና ፍቅር አለ። ዝምተኛ፣ እጁ በዘይት የጠቆረ፣ ዕድሜው የገፋ ፍቅር ነው። ብዕር የያዝን ሰዎች ዞር ብለን ስላላየነው ይቆጨኛል።

እሑድ ረፋድ ላይ፣ ቅዳሴ ከወጣ በኋላ፣ በየሰፈሩ ኮፈኗ የተከፈተ አንዲት አሮጌ መኪና አይጠፋም። ፊያት 600 ልትሆን ትችላለች፤ ወይም ቮልስዋገን፣ ወይም ላዳ፣ ወይም ዲኤክስ ኮሮላ። በዙሪያዋ ሦስት አራት ሰዎች ቆመዋል። አንዱ ባለቤቷ ነው፤ ሌሎቹ የየራሳቸው ያላቸው ናቸው፤ የመጡት ለማየትና ለማውራት ብቻ ነው። ወሬያቸውን ቀረብ ብሎ ለሰማ ሰው ስለ ብረት የሚነጋገሩ አይመስሉም። ‹‹ዛሬ በአንድ ቁልፍ ተነሣችልኝ››፣ ‹‹ብርድ አይስማማትም››፣ ‹‹ደብረ ታቦር ድረስ ወስዳ መለሰችኝ፤ አንድ ጊዜ እንኳ ውኃ አልጠየቀችኝም›› ይላሉ። መኪና በአማርኛችን ብዙ ጊዜ ሴት ናት። ማን ሴት እንዳደረጋት አይታወቅም፤ የሰዋስው መምህራንም አልደነገጉትም። ‹‹ተነሣልኝ›› ብሎ ስለ መኪናው የሚናገር ሹፌር ግን እስካሁን አልገጠመኝም።

ታሪካችን ከመኪና ጋር የተሳሰረበት መንገድ ራሱ የልብ ወለድ ጸሐፊን የሚያስቀና ነው። የመጀመሪያው አውቶሞቢል በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፣ በ1900 ዓ.ም. አካባቢ አዲስ አበባ ገባ። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ደግሞ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከቤተ መንግሥታቸው የተወሰዱት በትንሽ ቮልስዋገን ነበር። ያን ሁሉ የክብር ሠረገላ የነዱ ንጉሠ ነገሥት በተርታ ሰው መኪና የኋላ ወንበር ተቀምጠው ወጡ። ለእኛ ለሰሜኖቹ ደግሞ ከዚህ ሁሉ የቀደመ አንድ ነገር አለን። አፄ ቴዎድሮስ በጋፋት ያሠሩት ሴባስቶፖል፣ ወደ 7 ቶን የሚመዝን መድፍ፣ በሠረገላ ተጭኖ ወደ መቅደላ የተጓዘው ንጉሡ መንገድ እያስጠረጉለት፣ በሰው ጉልበት እየተጎተተ ነበር። ከባድ ነገርን በመንኰራኩር አድርጎ ተራራ የማስወጣት ሕልም ከዚህ አገር ሰው ጋር የቆየ ነው።

መኪናን በዚህ አገር መውደድ ምን ማለት እንደሆነ ለመረዳት ሊማሊሞን ማሰብ ይበቃል። ከጎንደር ተነሥቶ አምባ ጊዮርጊስንና ዳባትን አልፎ፣ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ደባርቅ የሚደርስ ሰው ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,850 ሜትር ከፍታ ላይ ቆሟል። ከዚያ በኋላ ምድር ይከዳዋል። ጣልያኖች በወረራው ዘመን ወደ አሥመራ ለመገናኘት የጠረቡት ጥንታዊው መንገድ፣ ከወልቅፊት ገደል አፋፍ ተንሥቶ እንደ እባብ እየተጠማዘዘ ወደ ዛሪማ ቆላ ይወርዳል። ወራሪው በኅዳር 1934 ዓ.ም. እዚሁ ጎንደር ላይ የመጨረሻ እጁን ሰጠ፤ መንገዱ ግን ቀረ። ከመንገዱም ጋር ፊያት ቀረ።

ሹፌሮቻችን ‹‹ኤንትሬ›› የሚሉትን የፊያት የጭነት መኪና፣ ተሳቢውን አስከትሎ፣ በዚያ ገደል ሲወጣና ሲወርድ ያዩ አዛውንቶች ዛሬም ድምፁን በአፋቸው እየሠሩ ያወሩታል። በደጋው አየር ስስ ነው። በ3,000 ሜትር ከፍታ ላይ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው 70 በመቶ ያህል ብቻ ነው፤ ስለዚህ ሞተሩም እንደ ሰው ትንፋሽ ያጥረዋል። ከመውጣቱ ይልቅ መውረዱ ያስፈራል። በፍሬን ብቻ የሚወርድ ሹፌር ፍሬኑ ይግልበታል፤ የጋለ ፍሬን ደግሞ መያዝ ይተዋል። ስለዚህ ብልኅ ሹፌር በከባድ ማርሽ አስሮ፣ ሞተሩ ራሱ መኪናውን እንዲይዝለት አድርጎ ይወርዳል። ረዳቱ ታኮ ይዞ፣ እንጨት ከሌለም ድንጋይ፣ ከኋላ ጎማ ሥር ለመወተፍ ተዘጋጅቶ በእግሩ ይከተላል። መኪናው ሲቆም ታኮውን ይወትፋል፤ ሲነሣ አንሥቶ ይሮጣል። በዚህ ሥራ ጣቱን ያጣ ረዳት ስንት እንደሆነ የቆጠረ የለም። እንዲህ ባለ ቦታ ላይ ሹፌር መኪናውን የሚወድደው ነፍሱን ስለ ሰጣት ነው።

አሁን የሥነ ጽሑፍ ወዳጁን በቀጥታ ወደሚመለከተው ነገር ልምጣ። ውድ አንባቢ፣ ጋራዥ ገብተው ያውቃሉ? ከገቡ ዓይንዎን ጨፍነው ቃላቱን ብቻ ያዳምጡ። ካንዴላ፣ ማርሚታ፣ ፍሬቻ፣ ባሌስትራ፣ ኩሽኔታ፣ ፓራፋንጎ፣ ፍሪሲዮን፣ ካቻቢቴ። ሁሉም ከጣልያንኛ የመጡ ናቸው፤ ‹‹መኪና›› የሚለው ቃል ራሱ ሳይቀር። በጣልያንኛ ‹‹ካንዴላ›› ሻማ ነው፤ ‹‹ማርሚታ›› ድስት፤ ‹‹ፍሬቻ›› ፍላጻ፤ ‹‹ባሌስትራ›› ፍላጻ የሚወረወርበት ቀስት፤ ‹‹ኩሽኔታ›› ትንሽ ትራስ። የፊያት ሞተር ውስጥ ሻማ ይበራል፤ ከሥሩ ድስት ተጥዷል፤ ቀስቱ ከጎማው በላይ ተወጥሯል፤ የሚሽከረከረው ሁሉ ትራስ ተንተርሷል። ይህንን የጻፈ ባለቅኔ የለም። ቃላቱን የተቀበሉት በወረራው ዘመንና ከዚያ በኋላ በጣልያን ጋራዦች ለቀን ሙያ የተቀጠሩ አባቶቻችን ናቸው። ጠላትን አባርረው ቃሉን አስቀሩ፣ የአማርኛ ጉሮሮ አበጁለት፣ በአማርኛ አረቡት፤ ‹‹ካንዴላዎቿን ፈታኋቸው›› እስኪባል ድረስ።

‹‹ታኮ›› የጫማ ተረከዝ ነው፤ በሊማሊሞ ግን ሕይወት ነው። ‹‹መሪ›› መኪናውን የምናዞርበት ነው፤ ደግሞም ሌላ ነገር ነው፤ ስለዚያኛው ዛሬ አልጽፍም። ‹‹ፍሬን››ማ! አንድ ቀን ከባንክ መስኮቴ ጀርባ ወረፋ እየጠበቁ የሚነጋገሩ ሁለት ሹፌሮችን ስሰማ ይህ ቃል ሰምና ወርቁን ይዞ እንደ ተቀመጠ ታየኝና በደረሰኝ ጀርባ ይህቺን ጫርሁ።

ቁልቁል ስትወርጂ ሊማሊሞን አልፈሽ፣
ፍሬን ካልያዝሽ በቀር መመለሻም የለሽ።

ለአማተር ገጣሚ ቃሉ ራሱ ግማሹን ሥራ ሠርቶ ሲጠብቀው ከዚህ በላይ ምን ደስታ አለ!

ሕዝቡም ቢሆን ዝም ብሎ አልነዳም፤ ስም አወጣ። እንደ መዝገብ ቢሰበሰብ የዘመናችን ታሪክ የሚነበብበት ስም ነው። ተሳፋሪው ፊት ለፊት ስለሚተያይባት የአብዮቱ ዘመን ታክሲ ‹‹ውይይት›› ተባለች። አይሱዙ ላይ አካሉ እዚሁ አገር በመዶሻ ተቀጥቅጦ ሲበጅ ‹‹ቅጥቅጥ›› ሆነ። ያለ ርኅራኄ የሚበርረው የአይሱዙ የጭነት መኪና ‹‹አልቃይዳ››፣ ሚኒባሷ አንድ ጊዜ ‹‹ዶልፊን›› ሌላ ጊዜ ‹‹አባዱላ››፣ በመንገድ ላይ ብዙ ሰው የጨረሰው ሲኖትራክ ደግሞ ‹‹ቀይ ሽብር››። በዚህ የመጨረሻ ስም ውስጥ ያለውን ምሬት የትኛው ልብ ወለዳችን በአንድ ቃል ሊያስቀምጠው ቻለ? ላዳንም ቢሆን እንደ ሶቪየት ልጅ ብቻ ማየት ስሕተት ነው። አካሏ የፊያት 124 ነው፤ የተሠራችበት ከተማም በጣልያናዊው ኮሚኒስት በቶሊያቲ ስም የተጠራ ነው። ከቶሪኖ ተነሥታ በሞስኮ በኩል ዞራ ወደ እኛ የመጣች ዘመድ ናት። የቀድሞ መካኒኮቻችን አፋቸውን ሳይቀይሩ የፈቷት ለዚህ ይመስለኛል።

ይህ ሁሉ አሁን በመሄድ ላይ ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ከውጭ በሚገቡ አሮጌ መኪኖች ላይ ከባድ ታክስ ጣለ። በጥር 2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በኤሌክትሪክ ካልሆነ በቀር የቤት አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ መከልከሉን አስታወቀ። በዚያው ዓመት ሐምሌ የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ የመለዋወጫ ዋጋ ሰማይ ነካ። የኤሌክትሪክ መኪና ጠላት አይደለሁም። እንዲያውም ሊማሊሞን ሲወርድ ሞተሩ ራሱ እየያዘ ባትሪውን እንደሚሞላ ሳስብ፣ ያ ገደል ለመጀመሪያ ጊዜ ለሹፌር አንድ ነገር ሲመልስለት ይታየኛል። ጭሱም ይቅርብን። ነገር ግን በኤሌክትሪክ መኪና ውስጥ ካንዴላ የለም፤ ማርሚታ የለም፤ ፍሪሲዮን የለም። ዕቃው ሲሄድ ቃሉ ተከትሎት ይሄዳል። ካቻቢቴውን ሞተሩ ላይ ተክሎ፣ እጀታውን ከጆሮው አስጠግቶ፣ ‹‹ጋሼ፣ ምን ሆናብኝ ነው?›› ለሚል ደንበኛ የትኛዋ ኩሽኔታ እንደ ተበላች የሚናገር ሽማግሌ መካኒክ በከተማችን ስንት ቀረ? እርሱ ሲያልፍ የሚጠፋውን መጽሐፍ ማንም አልጻፈውም።

በዚህ ላይ የመንገዱ ነገር አለ። ከ2013 ዓ.ም. ጦርነት ጀምሮ በሊማሊሞ በኩል ወደ ሽሬና አክሱም የሚያደርሰው የቀድሞ ጉዞ ተቋረጠ፤ የተከዜ ድልድይም ፈረሰ። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ ደግሞ በክልላችን በተነሣው ግጭት ምክንያት ከከተማ መውጣት ራሱ ምክክር የሚጠይቅ ጉዳይ ሆኗል። ለመንዳት የሚወድ ሰው መንገዱን ሲያጣ መኪናውን ያጥባል። እሑድ እሑድ በየደጁ የተከፈተው ኮፈን የበዛው ለዚህ ይሆን እንዴ ብዬ የምጠይቅበት ጊዜ አለ።

እኔ ሥራዬ ወረቀት ነው። መኪና ለብድር መያዣ ሲቀርብ ሊብሬው በእጄ ያልፋል፤ የሻንሲ ቁጥር፣ የሞተር ቁጥር፣ የተሠራበት ዘመን። በዚያች ትንሽ ደብተር ላይ ባለቤቱ 30 ዓመት ዘይቱን በሰዓቱ መቀየሩን የሚገልጽ ቦታ የለም። በሌላው ዓለም መኪና ባረጀ ቁጥር ዋጋው ይወርዳል፤ በእኛ አገር 10 ዓመት የተነዳ መኪና ከተገዛበት ብር በላይ ሲሸጥ ማየት የተለመደ ነው። ይህን ብዙዎች የብር መርከስ ብቻ ነው ይላሉ። አብዛኛው እርሱ ነው፤ ሆኖም መኪናዋ 10 ዓመት በሕይወት እንድትቆይ ያደረገ እጅም አለበት፤ በኔ እምነት ለዚያ እጅ ዋጋ አልተሰጠውም።

ስለዚህ ሁለት ነገር እጠይቃለሁ። አንደኛው ከቋንቋ መምህራንና ከተማሪዎቻቸው ነው። የመመረቂያ ጽሑፍ ርእስ ያጡ ወጣቶች በየዓመቱ ስለ አንድ ልብ ወለድ ገጸ ባሕርያት ደግመው ደጋግመው ከሚጽፉ፣ ሁለቱ ወይም ሦስቱ እንኳ መቅረጸ ድምፅ ይዘው ጋራዥ ይግቡ፤ ቃሉን፣ የመጣበትን ዕቃ፣ አነጋገሩን፣ ስድቡን ሳይቀር ይመዝግቡ። ሁለተኛው ከደባርቅና ከጎንደር ሰዎች ነው። የፋሲልን ግንብ ልናይ የሚመጣውን እንግዳ፣ ሰሜን ተራሮችን ልያይ የሚያልፈውን መንገደኛ የምናሳየው የድንጋይና የዝንጀሮ እጥረት የለብንም። አንድ ኤንትሬ፣ የማይሠራም ቢሆን፣ ከነተሳቢው ወልቅፊት አፋፍ ላይ ይቁም። ከኋላ ጎማው ሥርም ታኮው ይኑር፤ ከታኮው አጠገብ ደግሞ ይዘውት በእግራቸው የወረዱት ረዳቶች ስም፣ የሚያስታውሳቸው ሰው እስካለ ድረስ፣ ይጻፍ።