ሰሌዳ የሌለው ሞተር

የሻኪሶ ስም በዜና ሲነሳ ለገደንቢ አብሮ ይነሳል። በ2010 ዓ.ም. በነዋሪዎች ተቃውሞ ፈቃዱ ታግዶ ከዓመታት በኋላ ወደ ሥራ ስለተመለሰው ስለዚህ ትልቅ የወርቅ ማዕድን ብዙ ተብሏል፣ ገናም ይባላል። ከአጥሩ ውጭ ባሉት የባህላዊ አምራቾች ጉድጓዶች አፍ ላይ ስለሚቀመጠው ትንሽ የቤንዚን ሞተር ግን የሚያነሳ የለም። የጉድጓዱን ውሃ የሚያወጣው እሱ ነው፣ አፈሩ የሚታጠበውም እሱ በሚስበው ውሃ ነው። እሱ ሲቆም ከታች ያለው ሰው እግር ሥር ውሃ ይሞላል፣ የራሰው ግድግዳም ይላላል። በጉጂ ጉድጓድ ተደርምሶ ሰው ሞተ የሚለው ዜና ለአካባቢው ሰው አዲስ አይደለም።

የሞተሩን በሽታ የማያውቅ አምራች የለም። ጠዋት በአንድ ጉተታ ይነሳል። ግማሽ ሰዓት በደንብ ይሠራል። ከዚያ ድምፁ ይወርዳል፣ ውሃው ይቀጥናል፣ ሊጠፋ ሲል ደግሞ መልሶ ይነቃል። አጥፍተው ትንሽ ካሳረፉት ምንም እንዳልነካው ሆኖ ይነሳል። ያኔ "ዳነ" ይባላል። አልዳነም። ነዳጅ የሚያልፍበት መንገድ ሲጠብ ካርቡሬተሩ ውስጥ ያለችው ትንሽ ጎድጓዳ ማጠራቀሚያ ሞተሩ ሙሉ ጉልበት ሲጠየቅ ከምትሞላው በላይ ትጎድላለች፣ ሞተሩ ሲያርፍ ደግሞ ቀስ ብላ ትሞላለች። ሄዶ የሚመጣ ብልሽት ሰውን የሚያታልለው እዚህ ላይ ነው፤ ዕረፍቱ ጥገና ይመስላል።

ቀጥሎ የሚመጣው ወጪ ነው። መጀመሪያ ካንዴላ ይቀየራል፣ ቀጥሎ ካርቡሬተሩ ይፈታል፣ በመጨረሻ ቦቢናው ይገዛል። መካኒኩ ክፉ ሆኖ አይደለም፤ ሞተሩ እሱ ጋ ሲደርስ ደህና ስለሚሠራ በግምት ከመቀየር ሌላ አማራጭ የለውም። መመርመር ያለበት እዚያው ጉድጓዱ አፍ ላይ፣ ጉልበቱ በወደቀበት ቅጽበት ነው። የታንኩ ክዳን ላላ ሲደረግ ሞተሩ ከነቃ ክዳኑ ላይ ያለችው የአየር ቀዳዳ ተደፍናለች ማለት ነው፤ መፍትሔው አንድ መርፌ ነው። ክዳኑ ለውጥ ካላመጣ ፊልትሮውና ቱቦው ይታያሉ። ነዳጁ በደንብ እየወረደ፣ ሞተሩ ግን ሲግል ብቻ እየጠፋ ሲበርድ የሚነሳ ከሆነ ያኔ ቦቢናውን መጠርጠር ተገቢ ነው። ብዙዎቹ ሞተሮች ዘይት ሲያንስ ራሳቸውን የሚያጠፉበት መቆጣጠሪያም አላቸው፤ ተዳፋት ላይ ዘንበል ብሎ የተቀመጠ ሞተር ዘይት ሳይጎድለው "አንሶኛል" ብሎ ይቆማል። ይህን በድንጋይ ማስተካከል ሲቻል ሽቦውን በጥሰው የሚጥሉ አሉ፣ በኋላም ሞተሩ ይነክሳል።

ከፍታው ነው የሚሉም አይጠፉም። ሻኪሶ ከባሕር ወለል በላይ ከ1,500 ሜትር በላይ በመሆኗ ከፍታው ከሞተሩ ጉልበት የሚቀንሰው ነገር እንዳለ እርግጥ ነው። ነገር ግን ከፍታ ጠዋትም ማታም ያው ነው፤ አሥር ደቂቃ ወስዶ አሥር ደቂቃ አይመልስም።

አብዛኛውን ጊዜ መንገዱን የሚያጠበው ቤንዚኑ ራሱ ነው። ከመንገድ ዳር በሃይላንድ ተሞልቶ የሚሸጠው ቤንዚን በስንት እጅ እንዳለፈ አይታወቅም። ውሃ አለበት፣ አሸዋ አለበት፣ አንዳንዴም ነጭ ጋዝ ተቀላቅሎበታል። ውሃውን ማወቅ ቀላል ነው፤ ጠርሙሱ ሳይነቃነቅ ጥቂት ደቂቃ ሲቆም ከሥር ይዘቅጣል። ነጭ ጋዝ ግን ከቤንዚን ጋር ይዋሃዳል እንጂ አይለይም። ወረቀት ላይ ጠብ ሲደረግ ንጹሕ ቤንዚን ቶሎ ይደርቃል፣ ነጭ ጋዝ ያለበት የቅባት ምልክት ይተዋል።

የጫሞ ሐይቅ ጀልባ ነጂዎችም ይህንኑ በሽታ ያውቁታል። ከአርባ ምንጭ ተነስቶ ጎብኚ ወደ አዞ ገበያ የሚወስድ ጀልባ ከኋላው የተገጠመው ሞተር መሀል ሐይቅ ላይ ሲያስል መካኒክ አይጠራም። ነጂው ቱቦው ላይ ያለውን የጎማ ኳስ ይጨምቃል፤ ሞተሩ ከነቃ ችግሩ ከነዳጁ ነው። አዞና ጉማሬ ባለበት ውሃ ላይ ቆሞ መገመት ስለማይቻል ነጂው ምርመራውን ተምሯል። የሻኪሶው አምራች አደጋ ከዚህ አያንስም፣ የሚያስተምረው ግን የለም።

ታዲያ ሰው ለምን ከመንገድ ዳር ይገዛል? ማደያው ስለማይሸጥለት ነው። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የነዳጅ ክፍያ ዲጂታል ሆኗል፣ ሥርዓቱም በተሽከርካሪ ሰሌዳ የተመሠረተ ነው። በ2017 ዓ.ም. የጸደቀው የነዳጅ ግብይት አዋጅም ሕገወጥ ሽያጭ ላይ ቅጣቱን አክብዷል። ዓላማው የሚነቀፍ አይደለም፤ ነዳጅ በጀሪካን እየወጣ ወደ ጥቁር ገበያና ወደ ድንበር መሄዱ እውነት ነው። ግን የውሃ ሞተር ሰሌዳ የለውም፣ ማደያ ድረስም ራሱን ነድቶ አይሄድም። በአንዳንድ ቦታ በወረዳ የድጋፍ ደብዳቤ ይሰጣል፤ ደብዳቤው ግን የሚገኘው በጸሐፊው ፈቃድና በሠልፉ ርዝመት ነው። ሕጉ በጀሪካን የሚቸበችበውን ሊይዝ ብሎ በጀሪካን ከመግዛት ሌላ መንገድ የሌለውን ወደዚያው ሰው እጅ ገፋው።

መፍትሔው ተአምር አይጠይቅም። ባህላዊ አምራቹን ፈቃድ የሚሰጠው አካል ያውቀዋል፣ ወርቁን የሚረከበውም ያውቀዋል። በ2017 በጀት ዓመት ወርቅ በውጭ ምንዛሪ ገቢ ቡናን ሲቀድም ከዚህ ሰው እጅ የወጣው ወርቅም ተቆጥሯል። ወርቁን መዝግቦ የሚረከብ መንግሥት ሞተሩንም መዝግቦ፣ ቁጥር ሰጥቶ፣ በሳምንት ይህን ያህል ሊትር በደረሰኝና በትክክለኛ የነዳጅ ዕቃ ከማደያ እንዲወስድ ማድረግ አያቅተውም። ሊሸጠው ይችላል የሚል ስጋት ካለ ኮታው ከሞተሩ አቅም ጋር ይመጠን፤ የባለ ሰሌዳዎቹም ቢሆን ከማደያ ወጥቶ ሲቸበቸብ የምናየው ነው።

እስከዚያው በየጉድጓዱ አፍ አንድ ልጅ ይቀመጣል። ሥራው ሞተሩን መጠበቅ ይባላል እንጂ ድምፁን ማዳመጥ ነው። ድምፁ ሲወርድ ገመዱን እያወዛወዘ "ውጡ!" ብሎ ይጮኻል፣ መልሶ ሲነቃ ደግሞ ከታች ያሉት ልውጣ አልውጣ እያሉ ሽቅብ ያዩታል።