ሸራው ይቅደም፣ ስክሪኑ ይደርሳል

እ.ኤ.አ ኤፕሪል 27 ቀን 2023 ምሽት ላይ በፈረንሳይዋ የወደብ ከተማ ሌ ሳብል ዶሎን አንዲት ሴት ከአሮጌ ጀልባ ወረደች። ደቡብ አፍሪካዊቷ ክርስተን ኖይሻፈር ነች። ከዚያው ወደብ ከተነሳች 235 ቀናት አልፈዋል። በነዚህ ቀናት ብቻዋን፣ አንድም ወደብ ላይ ሳትቆም ዓለምን ዞራ «ጎልደን ግሎብ» የተባለውን ውድድር አሸነፈች። ብቻቸውን ዓለምን በጀልባ በሚዞሩ ሰዎች ውድድር አንደኛ የወጣች የመጀመሪያዋ ሴት ሆነች ማለት ነው።

ከድሉ ይልቅ የሚገርመው ጀልባዋ ነች። «ሚኒሃሃ» ትባላለች። እ.ኤ.አ በ1988 የተሠራች፣ ክርስተንም ከሌላ ሰው እጅ የገዛቻት ያገለገለች ጀልባ ነች። የእግር ኳስ አፍቃሪው «ታዲያ ይሄ እኛን ምን አገባን?» ሊል ይችላል። ነገሩ ግን ጀልባ ብቻ አይደለም። አሮጌ ነገር የገዛና ኪሱ ውስጥ የተወሰነ ብር የቀረው ሰው ሁሉ የሚጠይቀው ጥያቄ ነው፤ መጀመሪያ የቱ ይታደስ?

የጎልደን ግሎብ ሕግ ለዚህ ጥያቄ ጥሩ መልስ ይሰጣል። ጀልባው ከ32 እስከ 36 ጫማ የሚረዝም፣ ንድፉም ከ1988 በፊት የወጣ መሆን አለበት። ጂፒኤስ በሳጥን ታሽጎ ይቀመጣል፤ ማሸጊያውን የቀደደ ከዋናው ምድብ ይወጣል። ተወዳዳሪው ያለበትን ቦታ የሚያውቀው ሴክስታንት በተባለው መሣሪያ ፀሐይንና ከዋክብትን ለክቶ፣ በወረቀት ካርታ ላይ ደምሮና ቀንሶ ነው። በኤሌክትሪክ የሚሠራ አውቶ ፓይለትም የለም። በ2022 ሴፕቴምበር 4 ከተነሱት 16 ጀልባዎች ውስጥ በዋናው ምድብ የጨረሱት 3 ብቻ ናቸው። ሦስቱም ያለ ስክሪን ዓለምን ዞሩ። ያለ ሸራ ግን አንዳቸውም ከወደቡ ፈቀቅ አይሉም ነበር።

ያገለገለ ጀልባ የገዛ ሰው ግን ብዙ ጊዜ የሚያደርገው የዚህን ተቃራኒ ነው። ቀለም ያለው ትልቅ ስክሪን፣ ዲጂታል የነፋስ መለኪያ፣ የፍጥነት መለኪያ ይገዛል። ዕቃው ያብረቀርቃል፣ ለጓደኛም ይታያል። ችግሩ የሚመጣው ሲገጠም ነው። በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ የተሠራ መሣሪያና የዛሬው መሣሪያ ቋንቋቸው አንድ አይደለም። ምሰሶው ጫፍ ላይ ያለው የነፋስ መለኪያ ሲቀየር ታች ያለው ማሳያ አላውቀውም ይላል። ስለዚህ ወይ አስተርጓሚ ዕቃ ይገዛል ወይ ማሳያውም ይቀየራል። ማሳያው ሲቀየር በምሰሶው ውስጥ የሚያልፈው ሽቦ ይከተላል፣ ቀጥሎ ባትሪው አልችልም ይላል። አንድ ዕቃ ለመለወጥ የተጀመረ ሥራ ጀልባውን በሙሉ ያዳርሳል። ይሄ ሁሉ ወጪ ወጥቶ ጀልባው በአንድ ሜትር እንኳ አልፈጠነም። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው ይሄ ነው።

ሸራውስ? አሮጌ ሸራ ሳይቀደድም ይሞታል። ጨርቁ በዓመታት ብዛት ይለጠጣል፤ ነፋሱን የሚይዘው ሆዱ ከቦታው ወደ ኋላ ይንሸራተታል። ያኔ ጀልባው ወደ ፊት መሄዱን ትቶ ወደ ጎን ይጋደማል፣ ወደ ነፋሱ አቅጣጫ መውጣትም ያቅተዋል። ባለቤቱ ግን «ጀልባው አርጅቷል» ይላል። ያረጀው ሸራው ነው።

ምርጫው ላይም ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ለውድድር የሚሠሩት ተደራርበው የተጣበቁ ሸራዎች ቅርፃቸውን አጥብቀው ይይዛሉ፣ ዋጋቸው ግን ውድ፣ ዕድሜያቸውም አጭር ነው። ረጅም መንገድ ለሚሄድ አሮጌ ጀልባ ዳክረን የተባለው ተራ ጨርቅ ይሻላል፤ ፀሐይ ይችላል፣ ቢቀደድም በመርፌና በክር ይሰፋል። ዋናው ሸራ ነፋስ ሲበረታ በደረጃ የሚያጥር ይሁን። ከፊት አንድ ጥሩ ሸራ፣ ለማዕበል ደግሞ አንድ ትንሽና ጠንካራ ሸራ ከተጨመረ ሥራው ተሠራ። ምሰሶውን ወጥረው የሚይዙት የብረት ገመዶች ካረጁ ደግሞ ከሸራውም በፊት ይቀየሩ። ምሰሶ ከወደቀ ሸራው የሚሰቀልበት የለም።

ለዓይን የማይሞላ ዕቃ ውድድር እንደሚወስን የእንግሊዛዊው ሲሞን ከርወን ታሪክ ያሳያል። ከርወን ውድድሩን ለረጅም ጊዜ መርቷል። ኬፕ ሆርን ሳይደርስ ግን ጀልባውን በነፋስ ኃይል ቀጥ አድርጎ የሚመራለት መሣሪያ ተሰበረ። ለጥገና ቺሊ ገባ፣ አንድ ጊዜ በመቆሙም ከዋናው ምድብ ወጣ። ሌ ሳብል ዶሎን ከክርስተን በሰዓታት ቀድሞ ቢደርስም ዋንጫው የሷ ሆነ። ሽቦም ስክሪንም በሌለው አንድ መሣሪያ ምክንያት!

እዚህ ላይ «እንግዲያው ዘመናዊ መሣሪያ ሁሉ ከንቱ ነው» የሚል ካለ ተሳስቷል። እ.ኤ.አ ኖቬምበር 18 ቀን 2022 ፊንላንዳዊው ታፒዮ ሌህቲነን ጀልባው በሕንድ ውቅያኖስ ላይ በደቂቃዎች ውስጥ ሰጠመችበት። በነፍስ አድን ጀልባ ላይ አንድ ቀን ያህል ቆየ። የአደጋ ምልክት የሚልከው መሣሪያ ባይኖር ማን ያውቅ ነበር? መልእክቱ ደርሷት መንገዷን ቀይራ ያወጣችው ክርስተን ራሷ ነች። ካርታ የሚያሳየውን ጂፒኤስ ያሸገው ውድድር የአደጋ መጥሪያውን አልከለከለም፤ እንዲያውም ያለሱ መነሳት አይቻልም። ልዩነቱ ያለው እዚህ ላይ ነው። ሕይወት የሚያድን መሣሪያ እንደ ሸራው ሁሉ የመጀመሪያ ተራ ነው። የውኃ ጥልቀት መለኪያ፣ ሬዲዮ፣ ትልልቅ መርከቦችን ከሩቅ የሚያሳውቀው ኤአይኤስም አብረው ይግቡ። ዓይን የሚያስደስተው ስክሪን ግን ተራውን ይጠብቅ።

የእግር ኳሱ ሰው ይሄን ለመረዳት ባሕር ማየት አያስፈልገውም። አሰልጣኙ ላፕቶፕ ታቅፎ ሜዳ ዳር ቢቀመጥ፣ ተጫዋቹ የሮጠው ኪሎ ሜትር በስክሪን ቢታይ፣ አጥቂው ማሊያው ሥር ጂፒኤስ ለብሶ ጫማው የተቀደደ ከሆነ ጎል ከየት ይመጣል? መለኪያ የሆነውን ይናገራል እንጂ አያደርግም። ጎማው ላጭ የሆነ ሚኒባስ ላይ አዲስ ቴፕ ያስገጠመ ባለ ታክሲም ይሄንኑ ስህተት ነው የሠራው። ሙዚቃው ያምራል፣ ዝናብ ሲጥል ግን ፍሬን አይዝም።

ክርስተን «ሚኒሃሃ»ን በካናዳዋ ልዑል ኤድዋርድ ደሴት ስታሳድስ ገንዘቧንም ጉልበቷንም ያዋለችው ጀልባዋን በሚያስኬዳትና በሕይወት በሚያቆያት ነገር ላይ ነው። አሮጌ ጀልባ የገዛ ሁሉ ከዚህ መማር አለበት። በመጀመሪያው ዓመት ገመዱን፣ ሸራውንና የነፍስ ማዳኛውን ያስተካክል። ስክሪኑ የትም አይሄድም፤ በሚቀጥለው ዓመት ይደርሳል።