ሥልጠናው ካለቀ በኋላ

በብዙ መሥሪያ ቤቶች መዝገብና ካርድ እየቀሩ ሥራው ወደ ኮምፒውተር እየገባ ነው። ሃምሳ ዓመት የተሻገሩ እናቶችና አባቶች ለዓመታት ያቀላጠፉትን ሥራ እንደ አዲስ ተማሩ ይባላሉ። የሚሰጉት ለደመወዛቸው ብቻ አይደለም፤ የልጃቸው እኩያ በሆነ ባልደረባ ፊት ማነስንም ይፈራሉ።

ሥልጠናው ብዙ ጊዜ የታወቀ ነው፦ አዳራሽ፣ ከፕሮጀክተር የሚነበብ ጽሑፍ፣ የሻይ ዕረፍት፣ በመጨረሻም የምስክር ወረቀት። ሰኞ ሥራ ሲገቡ ግን ብዙው ተረስቷል። «እርጅና ነው» ብለው ተስፋ አይቁረጡ። ጀርመናዊው የሥነ ልቡና ተመራማሪ ሄርማን ኤቢንግሃውስ በ1885 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት እንዳሳየው፣ ያልተደጋገመ ትምህርት በብዛት የሚረሳው በመጀመሪያዎቹ ሰዓታትና ቀናት ነው። ጥናቱን የሠራው በራሱ ላይ ሲሆን፣ ዕድሜው ገና ከሠላሳ አምስት አላለፈም ነበር።

ታዲያ የሚበጀው ምን ዓይነት ሥልጠና ነው? በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ አሜሪካ የፋብሪካ ሠራተኞችን በፍጥነት ማሠልጠን ነበረባት። የተጠቀመችበት ዘዴ አራት ደረጃ ነበረው። በመጀመሪያ ሠልጣኙን ማረጋጋትና የሚያውቀውን መጠየቅ፤ ቀጥሎ ሥራውን ከፋፍሎ ማሳየት፤ ከዚያ ራሱ እየሠራ እንዲያስረዳ ማድረግ፤ በመጨረሻም ሥራውን ለእሱ ትቶ እየተመላለሱ ማየት።

ዘዴው ለእኛ ቤት እንግዳ አይደለም። እንጀራ መጋገር የተማረ ሰው ምጣድ ዳር ቆሞ አይቶ፣ በእንጎቻ ጀምሮ፣ እያጠፋና እየታረመ ነው እጁ የገባው። ስለ እንጀራ ንግግር ሰምቶ ጋጋሪ የሆነ የለም።

ስለዚህ ለሥልጠና ሲጠሩ ሁለት ነገር ይጠይቁ፦ «የራሴን የዕለት ሥራ ይዤ ልለማመድበት?»፣ «ከሥልጠናው በኋላ ሲቸግረኝ የምጠይቀው ማንን ነው?» አለቃ ከሆኑ ደግሞ፣ ሠራተኞች ሳይጠይቁዎት እነዚህን ሁለቱን ያመቻቹ። የአንድ ቀን ሙሉ ንግግር ከሚሆን፣ በየሳምንቱ ግማሽ ሰዓት ልምምድ ይሻላል።

ቤት ውስጥም እንዲሁ ነው። ልጅዎ ስልኩን ከእጅዎ ወስዶ «እማዬ፣ አምጪው፣ እኔ ልሥራልሽ» ቢልዎት ፍቅሩን ያመስግኑ፤ ስልኩን ግን አይስጡት። «አንተ እይ ልጄ፣ እኔ ልንካው» ይበሉት። የተሠራልዎትን ነገ መልሰው ይጠይቁታል፤ ራስዎ የሠሩት ግን እጅዎ ላይ ይቀራል።