አገልግሎት ወደ ውጭ ለሸጠ የሚመለሰው ቫት ማስረጃው ባንክ ቤት አለ

ወጪ ንግድ ሲባል አብዛኞቻችን የምናስበው ቡና፣ ሰሊጥ ወይም አበባ ነው። አገሪቱ ከውጭ ከምታገኘው ምንዛሪ ትልቁን ድርሻ ከሚይዙት አንዱ ግን በኬሻ የሚጫን ሸቀጥ አይደለም፤ የኢትዮጵያ አየር መንገድ የሚሸጠው አገልግሎት ነው። በነፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማም ይኸው ንግድ በየመልኩ አለ። ለቡ ካለው ጣቢያ ወደ ጅቡቲ የሚዘልቀው ባቡር የሚሸጠው ጉዞ ነው። ከሳሪስ ወደ ቃሊቲ በሚወስደው መንገድ የሚርመሰመሱት ተሳቢዎች የሚሸጡት ጭነት ነው። ከጎፋ እስከ ጀሞ በተሠሩት ፎቆች አንዱን ክፍል ተከራይቶ ለውጭ ደንበኛ ሶፍትዌር የሚጽፍ፣ የሕንፃ ንድፍ የሚሠራ ወይም የሂሳብ መዝገብ የሚይዝ ወጣትም የሚሸጠው እውቀቱን ነው። ሦስቱም በግብዓት ላይ የከፈሉት ተጨማሪ እሴት ታክስ (ቫት) እንዲመለስላቸው በሕግ ፊት አንድ መብት አላቸው፤ መብቱን በእጃቸው የማስገባት ዕድላቸው ግን እኩል አይደለም። ልዩነቱ የሚመጣው ከማስረጃ ነው፤ መፍትሔውም እዚያው ላይ ነው የምለው ለዚህ ነው።

ተጨማሪ እሴት ታክስ በአዋጅ ቁጥር 285/1994 ታውጆ በ1995 ዓ.ም. ሥራ ላይ ሲውል ምጣኔው 15 በመቶ ሆነ፤ ዛሬም ያው ነው። አዋጁ ግብይቶችን በሦስት ከፍሏቸው ነበር፤ 15 በመቶ የሚከፈልባቸው፣ ከታክስ ነጻ የሆኑና በዜሮ ምጣኔ የሚስተናገዱ። በ2016 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1341/2016 የቀድሞውን ቢተካም ለወጪ ንግድ የተሰጠውን የዜሮ ምጣኔ አልነካም። “ነጻ” እና “ዜሮ” ለጆሮ አንድ ይመስላሉ፤ ለኪስ ግን የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃሉ። ከታክስ ነጻ የሆነ አገልግሎት የሚሸጥ ሰው ከደንበኛው ቫት አይሰበስብም፤ ለኪራይ፣ ለኮምፒውተር፣ ለኢንተርኔት ሲከፍል የጨመረው 15 በመቶ ግን እሱው ላይ ይቀራል። በዜሮ ምጣኔ የሚሸጠውም ከደንበኛው ምንም አይሰበስብም፤ በግብዓት ላይ የከፈለው ግን እንዲመለስለት ሕጉ ያዛል። የቀድሞው አዋጅ በሒሳብ ጊዜው ካከናወነው ታክስ የሚከፈልበት ግብይት ቢያንስ 25 በመቶው በዜሮ ምጣኔ የተስተናገደ ተመዝጋቢ ከሰበሰበው በላይ የከፈለው ቫት፣ ማለትም ትርፉ፣ በሁለት ወር ውስጥ ተመላሽ እንዲሆንለት በግልጽ ደንግጎ ነበር። ሌላው ተመዝጋቢ ትርፉን ለአምስት ወር እያሸጋገረ ይጠብቅ ነበር። ሕግ አውጪው ላኪውን ከሌላው ለይቶ ያየው ምክንያት ስላለው ነው፤ አገር ውስጥ የሚሸጥ ሰው የከፈለውን ቫት ከደንበኛው በሚሰበስበው ያቻችለዋል፤ ላኪው ግን የሚሰበስበው ስለሌለ የሚያቻችልበት የለውም፣ ከመንግሥት ካልተመለሰለት በቀር።

ነገሩን በቁጥር እንየው። ጎፋ አካባቢ ቢሮ የተከራየች፣ ሥራዋን ሁሉ ለውጭ ደንበኛ የምትሸጥ አንዲት አነስተኛ ድርጅት እናስብ። ለኪራይ በወር 100,000 ብር፣ ለኢንተርኔትና ለሌላ አገልግሎት 20,000 ብር ትከፍላለች እንበል። አከራይዋና ሻጮቿ የቫት ተመዝጋቢ ከሆኑ በየወሩ 18,000 ብር፣ በዓመት 216,000 ብር ቫት ትጨምራለች። በዚያው ዓመት የ2,000,000 ብር ኮምፒውተርና ጄኔሬተር ከገዛች ደግሞ ሌላ 300,000 ብር ይታከላል። በጠቅላላው 516,000 ብር ይሆናል። ይህ ገንዘብ የመንግሥት ገቢ አይደለም፤ ድርጅቷ መንግሥት ዘንድ በአደራ ያስቀመጠችው ነው። ለትልቅ ኩባንያ ኢምንት ሊሆን ይችላል፤ ለአምስትና ለስድስት ሠራተኛ ድርጅት ግን የወራት ደመወዝ ነው። አዲሱ አዋጅ ቀድሞ ነጻ የነበሩትን ኤሌክትሪክና ውሃ ሳይቀር ከቤተሰብ ፍጆታ ልክ ሲያልፉ ወደ ታክሱ ስላስገባ የግብዓት ታክሱ መጠን ወደፊትም የሚጨምር እንጂ የሚቀንስ አይደለም።

ታዲያ ችግሩ የት ላይ ነው? ቡና ላኪው ተመላሽ ሊጠይቅ ሲሄድ የጉምሩክ ዲክላራሲዮኑን ይዞ ይሄዳል። ዕቃው በጉምሩክ በር አልፏል፣ ተመዝኗል፣ ማኅተም አርፎበታል። ባቡሩም ሆነ ተሳቢው የጭነት ሰነድ አላቸው። ጎፋ ተቀምጣ ናይሮቢ ወይም ፍራንክፈርት ላለ ደንበኛ ፕሮግራም የጻፈችው ባለሙያ ግን በየትኛውም ኬላ አላለፈችም። ሥራዋ የወጣው በሽቦ ነው። ያላት ውል፣ የክፍያ መጠየቂያና ገንዘቡ መግባቱን ባንኩ የሚያሳውቅበት ሰነድ (ክሬዲት አድቫይስ) ነው። መዝገቡን የሚመረምረው የታክስ ኦዲተር ደግሞ ማኅተም ማየት የለመደ ነው፤ ነገ ኦዲት ተደርጎ ስህተት ቢገኝ የሚጠየቀው እሱ ስለሆነ “ማስረጃ አሟይ” ማለቱ አይደንቅም። ክፋት አይደለም። መመለስ የሚያስጠይቅ፣ ማዘግየት የማያስጠይቅ ከሆነ ማንም ሰው የሚመርጠው መንገድ ነው። የተመላሽ መዘግየት የነጋዴው የቆየ ቅሬታ ነው፤ በአገልግሎት ላኪው ላይ የሚከብደው ግን ገና ከበሩ ላኪ መሆኑን አሳምኖ መግባት ስላለበት ነው።

የእኔ ሐሳብ ቀላል ነው። ለዕቃ የጉምሩክ ዲክላራሲዮን የሚሠራውን ሥራ ለአገልግሎት የባንኩ የውጭ ምንዛሪ መዝገብ ይሥራ። ከውጭ የሚገባ እያንዳንዱ ክፍያ ፈቃድ ባለው ባንክ በኩል ሲያልፍ ላኪው፣ ተቀባዩ፣ መጠኑና ምክንያቱ ይመዘገባል፤ ባንኮችም የውጭ ምንዛሪ እንቅስቃሴያቸውን ለብሔራዊ ባንክ ያሳውቃሉ። መረጃው አለ ማለት ነው። የጎደለው ይህ መረጃ ከታክስ መዝገቡ ጋር በግብር ከፋይ መለያ ቁጥር ተያይዞ “ይህ ድርጅት በዚህ ወር ይህን ያህል የአገልግሎት ክፍያ ከውጭ ተቀብሏል” የሚል አንድ መስመር ለገቢዎች ሚኒስቴር መድረሱ ነው። የድርጅቷ ወርሃዊ የቫት ማስታወቂያና ያ መስመር ከተገናኙ ተመላሹ በቀኑ ይለቀቅ፤ ካልተገናኙ ይመርመር። ኦዲት የተመላሽ ቅድመ ሁኔታ መሆኑ ቀርቶ አደጋ የሚታይባቸውን መርጦ ተከትሎ የሚመጣ ይሁን።

የመጀመሪያው ተቃውሞ ማጭበርበር ነው፤ ተገቢም ነው። ሐሰተኛ ደረሰኝ በዚህች አገር የገቢ አሰባሰብ ላይ ያደረሰውን ጉዳት የማያውቅ የለም። ግን ሐሰተኛ ደረሰኝ የግዢ በኩል በሽታ ነው፤ አገር ውስጥ የሚሸጠውም ግብዓቱን ሲያቻችል ያንኑ ደረሰኝ ሊጠቀም ይችላል። ለእሱ መድኃኒቱ የሻጩን ሽያጭና የገዢውን ግዢ በኤሌክትሮኒክ ደረሰኝ ማገናኘት ነው እንጂ ላኪውን በጅምላ ማስጠበቅ አይደለም። ከዚህ የሚከብደው ስጋት ሌላ ነው። አንድ ሰው አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለ ዘመዱ የላከለትን ገንዘብ “የአገልግሎት ክፍያ ነው” ብሎ ቢያስመዘግብስ? ልብ እንበል፤ ተመላሽ የሚሰላው በገባው ዶላር ላይ ሳይሆን በእውን በተከፈለው የግብዓት ታክስ ላይ ነው። ዶላሩን ስም ለውጦ ማስገባት ብቻውን አምስት ሳንቲም አያስገኝም። አደጋው አገር ውስጥ ደረሰኝ ሳይቆርጥ የሚሸጥ ነጋዴ የግዢውን ቫት በዚህ ሽፋን ለማስመለስ ሲሞክር ነው። ይህ ደግሞ በግብዓቱ ዓይነት ይታወቃል፤ ሶፍትዌር ሻጭ ነኝ የሚል ድርጅት የሲሚንቶና የፌሮ ደረሰኝ ቆልሎ ከመጣ ምን እንደተፈጠረ ለማወቅ ብዙ ምርመራ አያስፈልግም። የአገልግሎት ሥራ ትልቁ ወጪ ደመወዝ ነው፤ በደመወዝ ላይ ቫት የለም። ስለዚህ ሐቀኛ አገልግሎት ላኪ ከገቢው አንጻር የሚጠይቀው ተመላሽ ትንሽ ነው፤ ከዚያ ልክ ወጣ ያለው ለኦዲተሩ ራሱን ይጠቁማል።

ሁለተኛው ጥያቄ የቱ አገልግሎት ነው በእርግጥ የወጣው የሚለው ነው፤ እዚህ ላይ ላኪዎችም ሊታረሙ ይገባል። በዶላር ስለተከፈለ ብቻ አገልግሎት ወጪ ንግድ አይሆንም። ለአፍሪካ ኅብረት ስብሰባ የመጣ እንግዳ ሳር ቤት አካባቢ ሆቴል ቢያድር በውጭ ካርድ ከፈለም አልከፈለ አገልግሎቱ የተበላው እዚሁ ነው፤ ቫት ይከፈልበታል። ካናዳ የሚኖር ወገናችን ለቡ ለሚያሠራው ቤት ንድፍ ቢያዝ ሥራው እዚህ ካለ መሬት ጋር የተያያዘ ነው። ያው አርክቴክት ቶሮንቶ ለሚሠራ ሕንፃ ንድፍ ቢያዘጋጅ ግን ነገሩ ይለወጣል። መለኪያው ከፋዩ ማን ነው ሳይሆን ጥቅሙ የት ዋለ ነው። የኢኮኖሚ ትብብርና ልማት ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2016 ያጸደቀው ዓለም አቀፍ የቫት መመሪያም በዚሁ መርህ ላይ የቆመ ነው፤ ታክሱ አገልግሎቱ ወደሚበላበት አገር ይሄዳል። እኛም መርሁን ወደ ውስጥ ሲሆን በሚገባ እንጠቀምበታለን። ነዋሪ ያልሆነ ሰው ለኢትዮጵያዊ ገዢ አገልግሎት ሲሰጥ ገዢው ታክሱን ቀንሶ እንዲከፍል የቀድሞው አዋጅም ያስገድድ ነበር፤ አዲሱ ደግሞ ከውጭ በዲጂታል መንገድ የሚቀርብ አገልግሎትን በግልጽ አካቷል። ሲገባ “የተበላው እዚህ ነው” ብሎ የሚያስከፍል መንግሥት ሲወጣ “የተበላው እዚያ ነው” የሚለውንም ሊቀበል ግድ ነው።

ገቢ ያስፈልገናል የሚለው ክርክር ሦስተኛው ነው። እውነት ነው፤ የምንሰበስበው ታክስ ከአገር ውስጥ ምርታችን 10 በመቶ እንኳ አይሞላም፤ መንግሥትም ገቢ ለማሳደግ ከዓለም የገንዘብ ድርጅት ጋር የገባው ቃል አለ። ነገር ግን የሚመለስን ገንዘብ አዘግይቶ በገቢ መቁጠር ገቢ ማሳደግ አይደለም፤ ያለ ወለድ መበደር ነው፤ ያውም ካነስተኛው። የሚያሳዝነው የብድሩ ዋጋ በዓይን የሚታይ መሆኑ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመኑ በገበያ እንዲወሰን ከመደረጉ በፊት አንድ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር። ከላይ ያነሳናት ድርጅት በዚያ ሰሞን ለኮምፒውተርና ለጄኔሬተር የከፈለችው 300,000 ብር ቫት ከ5,000 ዶላር በላይ ይገዛ ነበር። ዶላሩ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ፤ ያው 300,000 ብር ዘግይቶ ቢመለስ 3,000 ዶላር አይሞላም። ቁጥሩ ተመልሷል፤ ዋጋው ግን ቀርቷል። ቀጣዩን ኮምፒውተር በአዲሱ ተመን የምትገዛው እሷ ናት።

እንዲያውም ተመላሹ በወቅቱ መከፈሉ መንግሥት ከምንም በላይ የሚፈልገውን ውጭ ምንዛሪ ወደ ባንክ የሚስብ ነው። አገልግሎት ሻጭ ገንዘቡን በየት በኩል እንደሚቀበል የመምረጥ ዕድል አለው። ቡና ያለ ጉምሩክ ሰነድ አይወጣም፤ የኮድ ክፍያ ግን ውጭ ባለ ሒሳብ ሊቀመጥ፣ በጥቁር ገበያም ሊመነዘር ይችላል። በባንክ ያስገባሁት እያንዳንዱ ዶላር የተመላሽ ማስረጃዬ ነው ብሎ የሚያምን ሰው በባንክ ለማስገባት የገዛ ምክንያት ይኖረዋል። ተመላሹ የወረቀት ተስፋ ብቻ ከሆነበት ግን ለቫት መመዝገብም፣ ገቢውን ማሳወቅም ትርፉ ድካም ይሆንበታል። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠና ይፋ ሆኗል፤ ከእነዚህ ወጣቶች ጥቂቱ እንኳ ለውጭ ገበያ መሥራት ቢጀምር የሚገጥማቸው የመጀመሪያው የመንግሥት መስኮት ይህ ነው።

ተመላሹ ይህን ያህል ካስቸገረ አገልግሎት ወጪ ንግድን ለምን በቀላሉ ከታክስ ነጻ አናደርገውም የሚሉም አሉ። ጎረቤታችን ኬንያ ሞክራዋለች። እ.ኤ.አ. በ2021 ወደ ውጭ የሚሸጡ አገልግሎቶችን ከዜሮ ምጣኔ አውጥታ ነጻ ወደሚባሉት አዛወረቻቸው፤ በቀጣዩ ዓመት ሕጉን እንደገና ነካካችው፤ በ2023 ደግሞ ወደ ዜሮ ምጣኔ መለሰቻቸው። ነጻ ማድረግ የቢሮውን ሥራ ያቀልላል፤ ታክሱን ግን በእኛ ላኪ ወጪ ውስጥ ቀብሮ ከናይሮቢና ከኪጋሊ ተፎካካሪው ጋር እንዲወዳደር ይልከዋል።

ገንዘብ ከካዝና ማውጣቱ ለጊዜው የሚከብድ ከሆነ ሌላ መንገድም አለ። አገልግሎት ላኪ ድርጅት ዋና ወጪው ሠራተኛ ስለሆነ በየወሩ ከደመወዝ ላይ እስከ 35 በመቶ በሚደርስ ምጣኔ የሥራ ግብር ቀንሶ ለዚያው ታክስ ሰብሳቢ ያስገባል። የባንኩ መዝገብ ያረጋገጠለት የቫት ትርፍ ከዚህ የወር ክፍያ ላይ ወዲያው ይቻቻልለት። ማቻቻል ለታክስ አስተዳደራችን እንግዳ አይደለም፤ ቼክ አይጻፍም፣ በጀት አይጠየቅም፣ ድርጅቷም የሚመለስላትን ገንዘብ በወሩ ታገኛለች። በተግባር የሚጠይቀው የገቢዎች ሚኒስቴርና ብሔራዊ ባንክ መረጃ የሚለዋወጡበት አንድ ስምምነት፣ ከዚያም የባንክ ክሬዲት አድቫይስ ለአገልግሎት በቂ ማስረጃ መሆኑን የሚገልጽ አንድ አጭር መመሪያ ነው፤ ይህም በየቅርንጫፉ ያለው ኦዲተር ሲፈርም ነገ እጠየቃለሁ ብሎ እንዳይሰጋ ያደርገዋል።