መጀመሪያ ወለሉን አሳዩኝ

መካኒክ አይደለሁም፤ ሥራዬ አርማታ መሙላት ነው። ሰሞኑን ግን ከሀቢቾም ከሆሳዕናም የምጠራው ለመኪና ማንሻ ሊፍት ነው። ደቡብ አፍሪካ ያለው ልጅ ገንዘብ ይልካል፣ ወንድሙ ግቢው ውስጥ ጋራዥ ይከፍታል፣ ባለሁለት እግሩ ሊፍት ከአዲስ አበባ ተጭኖ ይመጣል። ከዚያ «ጋሼ፣ ሊሾውን በስተን በብሎን ብናስረውስ?» ይሉኛል።

አይሆንም። ሊሾ ሁለት ሦስት ጣት ሲሚንቶ ነው፤ ከሥሩ ድንጋይና አፈር። ሁለት ቶን የሚጠጋ ሚኒባስ በሰው ቁመት ሲሰቀል ክብደቱ ያለው በሁለቱ እግሮች መሃል፣ ክንዶቹ ጫፍ ላይ ነው። እግሮቹ ወደ መኪናው ያዘነብላሉ፤ በውጭ በኩል ያሉትን ብሎኖች ከወለሉ ሊነቅሏቸው ይጎትቷቸዋል። ያን ጉተታ የሚችለው ብሎኑ የነከሰው ኮንክሪት ብቻ ነው።

የአንዳንዶቹ ባለ4 ቶን ሊፍቶች መመሪያ ቢያንስ 10 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ይጠይቃል። እኔ 20 ካልሆነ አልሞላም፦ ሲ-25፣ አንድ ሲሚንቶ፣ ሁለት አሸዋ፣ ሦስት ጠጠር፣ ፌሮው በመረብ ታስሮ። ሁለቱም እግሮች አንድ ወጥ ወለል ላይ ይቁሙ፤ ከእያንዳንዱ ሥር ድስት የምታህል ጉድጓድ ሞልቶ መሄድ ሥራ አይደለም። መሬቱ ዋልካ ከሆነ ደግሞ ወጥቶ በገረጋንቲ ይተካል፤ ዋልካ ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይሰነጠቃል፣ ወለሉንም ይዞት ይሰነጠቃል። ከዚያ ውኃ እያጠጡ 28 ቀን መጠበቅ ነው። ጠብ የሚነሳው እዚህ ላይ ነው፤ ለብረቱ ያን ሁሉ ብር የቆጠረ ሰው ለሲሚንቶ ሲሆን እጁን ይሰበስባል።

ከሁሉ የማልወደው ብየዳውን ነው። ለአባዱላ ሚኒባስ አልደርስ አለ ተብሎ ክንዱ ይቀጠላል፤ ቆርቆሮው ዝቅ አለ ተብሎ እግሩ ይቆረጣል። ሊፍቱ ላይ የተጻፈው 4 ቶን ግን ፋብሪካው ለሠራው ክንድ ነው። ክንዱ ሲረዝም ያው መኪና ብሎኑን አብዝቶ ይጎትታል። ቆርቆሮውን ከፍ ማድረግ እኮ የአናጢ ሥራ ነው!

የመብራት መጥፋትም አለ። አብዛኛው ሊፍት ከመቆለፊያው ለመላቀቅ መጀመሪያ ትንሽ ወደ ላይ መነሳት አለበት፤ ያለ መብራት ሞተሩ አያነሳውም። መኪናው እዚያው ተቆልፎ ቢያድር ምንም አይሆንም። የሚያስፈራው ባለቤቱ ሲጮህ ልጆቹ መቆለፊያውን በብረት ሊፈለቅቁ ሲታገሉ ነው።

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሠራተኛውን ደህንነት የመጠበቅ ግዴታ የጣለው አሠሪው ላይ ነው። ግቢ ውስጥ ሥራ ሊለምድ የመጣውን የጎረቤት ልጅ ማን ያስበዋል? ማዘጋጃ ቤቶቻችን ሊፍት ላለው ጋራዥ ፈቃድ ከመስጠታቸው በፊት አንድ መሐንዲስ ወለሉን እንዲያይ ያድርጉ። ወለል ማስሞላት ያልቻለ ሰው እስኪችል በክሪክና በካቫሌቶ ይሥራ። ሊፍቱን ሸራ አልብሶ ያቆየው፤ አይበላሽም።