በስልክ ላይ በዕጣ ስለሚገዛ ካርታ

ባለፈው ክረምት በአሜሪካ አገር በዋሽንግተን ከተማ አጠገብ የምትኖረውን እኅቴን ልጠይቅ ሄጄ ሳለሁ፤ አንድ ማታ ከባንክ የመጣላትን የሒሳብ ወረቀት ይዛ ወደ ተቀመጥሁበት መጣች። ወረቀቱ 10 ዶላር፤ 20 ዶላር፤ ደግሞ 10 ዶላር እያለ ይወርዳል፤ ብንደምረው በሁለት ወር 340 ዶላር ሆነ። ገንዘቡን ያወጣው የ13 ዓመት ልጇ ነው፤ የገዛበትም ነገር በስልኩ ለሚጫወተው ጨዋታ የሚሆን ካርታ ነበር። ከዚያ ገንዘብ የሚበዛው እጅ ለእናታችን ሊላክ የተቀመጠ ነበርና፤ እኅቴ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፤ «ወንድም ጋሼ፤ ልጄ ሌባ ሆነብኝን?» አለችኝ።

ልጁን ጠርተን ብንጠይቀው አልካደም። እናቱ አንድ ጊዜ ብቻ ፈቅዳለት ኖሮ የባንክ ካርዷ ቍጥር በስልኩ ተመዝግቦ ቀርቷል፤ ከዚያ ወዲህ ለመግዛት በጣት መንካት ይበቃው ነበር። ነገር ግን «የምፈልገው ካርታ ሊወጣልኝ ጥቂት ነው የቀረው» ሲል በሰማሁ ጊዜ፤ በልጁ ላይ ያለው ነገር ከስርቆት ሌላ መሆኑ ታየኝ። ስለዚህ በማግሥቱ አብሬው ተቀምጬ ጨዋታውን እንዲያስረዳኝ ለመንሁት።

ካርታ ሲባል በየቤታችን ለኮንከር የምንዘረጋው እንዳይመስላችሁ። በኮንከር ለሁሉም ከአንድ ክምር ይታደላል፤ ድኻና ሀብታም እኩል ነው። በዚህ ጨዋታ ግን እያንዳንዱ ተጫዋች ጦሩን እንዳሰለፈ አዝማች የራሱን ካርታ መርጦ ይመጣል። የዚህ ዐይነት ጨዋታ ፊተኛው እ.ኤ.አ. በ1993 የወጣው የሪቻርድ ጋርፊልድ «ማጂክ ዘ ጋዘሪንግ» ነው፤ ካርታውም በውስጡ ምን እንዳለ ሳይታይ በእሽግ ይሸጣል። የወረቀቱን ካርታ ግን ከጓደኛ ጋር መለዋወጥ ይቻላል፤ ገዢ ከተገኘም ይሸጣል። በስልክ ላይ ያለው ብዙውን ጊዜ ከገዛው ሰው እጅ አይወጣም።

የእኅቴ ልጅ የሚጫወተው ሌላ ቢሆንም፤ ሥርዓቱ በይፋ የታወቀውን «ሃርትስቶን» የተባለውን ምሳሌ ላድርግ። ይህን ጨዋታ ብሊዛርድ የሚባል የአሜሪካ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2014 አወጣው፤ መጫወቱም በነጻ ነው። ተጫዋቹ እንደ ተለመደው 30 ካርታ አሰናድቶ ይገባል። በአንዱ እሽግ ውስጥ 5 ካርታ አለ፤ ከሁሉ የከበረው ማዕርግ ያለው ካርታ የሚገኘው በአማካይ በ20 እሽግ አንድ ጊዜ ነው፤ ቢዘገይም ከ40 እሽግ አያልፍም። የወጣው የማይፈልጉት ከሆነ ሰብሮ 400 ትቢያ ማግኘት ይቻላል፤ የሚፈልጉትን አንዱን ለመሥራት ግን 1600 ትቢያ ያስፈልጋል። እንግዲህ ልብ በሉ፤ የእሽጉ ዋጋ በግልጥ ተጽፏል፤ የካርታው ዋጋ ግን የትም አልተጻፈም። አንዱን የወደዱትን ለማግኘት አራት የከበሩትን መስበር ነው።

ገንዘብ ያወጣ ተጫዋች ከማያወጣው አይበልጥም ብዬ አላታልላችሁም፤ ጥሩ ካርታ ቶሎ ያገኛልና በውነቱ ይበልጣል። በነጻ የሚጫወተውም እየተጫወተ እሽግ ያገኛል፤ ነገር ግን በዝግታ ነው። ልጁም ያልተረዳው ይህን አልነበረም፤ ያልተረዳው ዕጣውን ነው። «ከ20 አንድ» ማለት በሃያኛው ላይ በርግጥ ይወጣል ማለት ይመስለው ነበር።

ስለዚህ ከእኅቴ ጓዳ 19 ባቄላና አንድ ሽንብራ አምጥቼ በጨርቅ ከረጢት ጨመርሁ፤ ዐይኑን ጨፍኖ አንድ እንዲያወጣ፤ ያወጣውንም እየመለሰ እንዲያናውጥ አዘዝሁት። በፊተኛው ዙር ሽንብራዋ በሰባተኛው ወጣችለት፤ ሣቀብኝም። በሁለተኛው 20 ጊዜ አውጥቶ ባቄላ ብቻ ሆነ። በሦስተኛው 31 ጊዜ እስኪያወጣ ድረስ አላገኛትም፤ በዚህ መካከል «አሁንስ ቀርባለች» እያለ ሲቸኵል እናቱ በር ላይ ቆማ ታየው ነበር። ከዚያም ሒሳቡን በወረቀት አደረግነው፤ 20 ጊዜ ከሚያወጡ ከ100 ሰዎች 36 የሚያህሉት ባዶ እጃቸውን ይቀራሉ። ባቄላው ትናንት ስንት ጊዜ እንደ ወጣ አያስታውስም።

እንደ ሃርትስቶን ያለው የ40 እሽግ ዋስትና ለተጫዋቹ ቸርነት ይመስላል፤ በመጠኑም ቸርነት ነው። ነገር ግን 30 የከፈተውን ሰው «አሁን ብትተው የከሰርኸው ከንቱ ይሆናል» የሚለውም ይኸው ዋስትና ነው።

ይህ ጭንቀት የእኅቴ ቤት ብቻ አይደለም። በጃፓን አገር እንዲህ ያለውን ዕጣ ሳንቲም ሲጐርስ አሻንጕሊት በሚተፋው ሣጥን ስም «ጋቻ» ይሉታል፤ እ.ኤ.አ. በ2012 ዓ.ም. የአገሩ የሸማቾች ጉዳይ መሥሪያ ቤት በዕጣ የሚወጡትን የተወሰኑ ነገሮች ሁሉ ላሟላ ሰው ሌላ ሽልማት የሚሰጠውን ዐይነት ሕገ ወጥ ነው አለ። በቻይና እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ ሻጮች የዕጣውን ልክ እንዲገልጡ ታዘዘ። በቤልጅግ የቁማር ተቈጣጣሪው እ.ኤ.አ. በ2018 በአንዳንድ ጨዋታዎች ያለውን በገንዘብ የሚገዛ ዕጣ ቁማር ነው ሲል ወሰነ። በሆላንድ ግን ከፍተኛው የአስተዳደር ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2022 በአንድ የእግር ኳስ ጨዋታ ነገር ለሻጩ ፈረደ። ሊቃውንቱ ያልተስማሙበትን የ13 ዓመት ልጅ ብቻውን ይፍረደው ማለት፤ ለእኔ እንደሚታየኝ፤ ግፍ ነው።

እኅቴ የካርዷን ቍጥር ከስልኩ አስፋቀች፤ ለሚገዛ ነገር ሁሉ የእርስዋ ምስጢር ቃል እንዲጠየቅ አደረገች፤ ጨዋታውን ግን አልከለከለችውም። እኔም ይህን አመሰገንሁ፤ ልጁ ካርታ ሲመርጥ የሚያስበውን አሳብ አይቻለሁና። ለአያቱ የሚላከውን ገንዘብ ከኪሱ ገንዘብ በየሳምንቱ 5 ዶላር እየቀነሰ ሊተካ ተስማማ፤ ይህ ከአንድ ዓመት በላይ ይወስድበታል።

ባለፈው ወር በስልክ ስናወራ እኅቴ የጨርቅ ከረጢቷን እስካሁን እንዳልመለሰላት ነገረችኝ። ትምህርት ቤት ወስዶ ጓደኞቹን ያስወጣበታል፤ ሽንብራዋም ጠፍታ ሌላ ተክቷል።